የመድኃኒት ቴምብር ከሳጥኑ አይላጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ቴምብር መሰብሰብ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ልጆች ከስልካቸው ቀና ብለው እንዲህ ያለ ነገር ቢለምዱ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። አንዱ ምክሩ ግን አልተዋጠልኝም። አሮጌ ቴምብር ስታገኙ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ላጡት፣ የተቀደደ ከሆነ ግን ጣሉት ይላል። ለፖስታ ቴምብር ይሁን ብለን እንለፈው። የመድኃኒት ሳጥንና ጠርሙስ ላይ ለሚገኝ የቀረጥ ቴምብር ግን ይህ ምክር ጉድ ያፈላል።

ነገሩን አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴም ኮምቦልቻም በኮሪደር ልማቱ መንገድ እየሰፋ ነው። የድሮ ሱቆች እየተነሡ፣ ስንት ዘመን ያልተከፈቱ ጓዳዎች እየተራገፉ ነው። ከዚያ የሚወጣው ዕቃ ግማሹ ለቁራሌው ይሸጣል፣ ግማሹ ይቃጠላል። በዚህ መሀል አንድ ልጅ የአያቱን የክኒን ሳጥን አግኝቶ፣ ጋዜጣችሁን አምኖ ውኃ ውስጥ ቢከተው ማን ይጠየቃል?

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደሴ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የኖርኩ ሴት ነኝ። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ስፈታ ዓይኔን ጨርሻለሁ። የተረፈኝን ዓይን ደግሞ በማጉያ መነጽር የመድኃኒት ቴምብር እያየሁ እየጨረስኩት ነው። ባለቤቴ «የሞተ መድኃኒት ጠባቂ» ይለኛል። ይበል። እሱም የድሮ ሬዲዮ ይሰበስባል፤ አንዱም አይናገር።

የቀረጥ ቴምብር ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ውል ስንዋዋል፣ ውክልና ስንሰጥ ሰነዱ ላይ የሚለጠፈው ነው። ደብዳቤ ማድረሻ ሳይሆን ለመንግሥት ገንዘብ መከፈሉን ማሳያ ነው። ድሮ በአንዳንድ አገር ይኸው ነገር ሽሮፕ ጠርሙስና ክኒን ሳጥን ላይም ይለጠፍ ነበር።

እንግሊዝ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1783 ነው። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ካዝናዋን አራቁቶት ነበር። ቀረጡ ያረፈው ሐኪም አዝዞ በሚቀመመው ላይ አይደለም። ባለቤቱ ስም አውጥቶለት፣ ቅመሙ ምሥጢሬ ነው ብሎ፣ በማስታወቂያ በሚቸበችበው ላይ ነው። ክፍያው እንደ ዋጋው ነበር። ኋላ በጸናው ተመን እስከ 1 ሽልንግ ለሚሸጠው 1½ ፔኒ፣ እስከ 2 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ለሚሸጠው 3 ፔኒ። የድሮ የእንግሊዝ የመድኃኒት ማስታወቂያ ያየ ሰው «1 ሽልንግ ከ1½ ፔኒ» የሚል ግራ የሚያጋባ ዋጋ ደጋግሞ ያገኛል። ሚስጥሩ ይኸው ነው። ሽልንጉ የሻጩ፣ ፔኒ ተኩሉ የመንግሥት።

ቢቻም የሚባለው የሆድ ክኒን በዚህ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ማስታወቂያው አንዱ ሳጥን ጊኒ ያወጣል ይላል፤ ጊኒ 21 ሽልንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር ምርመራውን ይፋ ሲያደርግ ክኒኑ ምን ሆኖ ተገኘ? እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና። የ56 ክኒን ጥሬ ዕቃ የግማሽ ፋርዚንግ ነው ተባለ። ፋርዚንግ የፔኒ ሩብ ናት። የባንኮኒ ልማድ አይለቅምና ተቀምጬ አሰላሁት። መንግሥት በቴምብሩ ከአንድ ሳጥን የሚወስደው የክኒኑን ጥሬ ዕቃ ዋጋ 12 እጥፍ ነው! ሻጩ የሚያተርፈውን እንግዲህ እናንተ አስሉት። እሬቱንስ ከጓሮ ይቆርጡታል፤ ዝንጅብሉንና ሳሙናውን ሰኞ ገበያ ወርዶ መግዛት ነው።

የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። ሰዉ ሳጥኑ ላይ የመንግሥት ቴምብር ሲያይ መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው መሰለው። ሻጮቹም ይህን እምነት አልጠሉትም፤ እንዲያውም አራገቡት። በኋላ ቴምብሩ ላይ ራሱ የመንግሥት ዋስትና አይደለም የሚል ጽሑፍ ታተመበት። ማን ያነበዋል? ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። ገዢ ማኅተም መኖሩን ያያል እንጂ ማኅተሙ ምን እንደሚል አያነብም። የእንግሊዙ የመድኃኒት ቀረጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1941 ዘልቆ ነው የቀረው።

አሜሪካ ደግሞ የገባችበት በእርስ በርስ ጦርነቷ ጊዜ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1862። እስከ 25 ሳንቲም ለሚሸጥ መድኃኒት 1 ሳንቲም፣ አንድ ዶላር ለሚሸጥ 4 ሳንቲም። ሰብሳቢን የሚያሳብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ኩባንያው ከፈለገ በራሱ ወጪ የራሱን ቴምብር ማስቀረጽ ይችላል፤ ብዙ ሲገዛም ቅናሽ ይደረግለታል። ስለዚህ ብዙ መድኃኒት ሻጭ የመንግሥት ቴምብር ላይ ስሙን አወጣ። አንዳንዱ ጺሙን አበጥሮ መልኩን አስቀረጸ። ሎዌል በምትባል የአሜሪካ ከተማ የነበረው ዶክተር አየር፣ ያ የሳል ሽሮፑ በዓለም የተሰራጨለት፣ የራሱ ቴምብር ነበረው። ይህ ሁሉ እስከ 1883 ቆየ። ስኮት የሚባለው የአሜሪካ የቴምብር ካታሎግ እነዚህን «አር ኤስ» በሚል ምልክት ለይቶ ይመዘግባቸዋል።

ከነዚህ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ የጀርማያ ከርቲስና ልጁ ቴምብር ነው። የሚለጠፈው የሚስስ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ ላይ ነበር። ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን የሚሰጥ፣ ጠርሙሱ 25 ሳንቲም። ውስጡ ሞርፊን ነበረበት። ሕፃኑ ዝም ይላል፤ እንዴት አይል! አንዳንዱ ዝም እንዳለ ቀርቷል። መንግሥት ከያንዳንዱ ጠርሙስ 1 ሳንቲሙን ይቀበል ነበር። መድኃኒት ሻጭ ሞርፊን፣ ኦፒየም፣ ኮኬይን ወይም አልኮል መኖሩን ጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍ የተገደደው ገና እ.ኤ.አ. በ1906 በወጣው ሕግ ነው። እንግዲህ ያን ቴምብር ልጣችሁ አልበም ውስጥ ብትለጥፉት የሚቀረው ያማረ ሥዕል ነው። ጠርሙሱ ላይ ስታዩት ግን ለማን፣ ለምን፣ በስንት ማንኪያ እንደተሰጠ ከጎኑ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ወደ ውኃው ልመለስ፤ ዋናው ጠቤ ከእሱ ጋር ነው። የቀረጥ ቴምብር አንዳንዱ ሆን ተብሎ ውኃ ሲነካው በሚፈስ ቀለም ነው የሚታተመው። ለምን ቢባል፣ አጥቦ ዳግም የሚለጥፍ ሌባ እንዳይኖር። ጽሑፋችሁ ያዘዘው ለብ ያለ ውኃ እንግዲህ ሌባውን ለመያዝ የተዘጋጀ ወጥመድ ውስጥ ዘው ብሎ መግባት ነው። የአሜሪካው ወረቀትም ጣጣ አለው። አንዱ ቴምብር በተለያየ ዘመን በተለያየ ወረቀት ታትሟል። ተራው አለ፣ ቀጫጭን የሐር ክር የገባበት አለ፣ ሮዝ አለ፣ ወደ ብርሃን ሲይዙት ፊደል የሚታይበት አለ። ሮዙ ወረቀት ከተዘፈዘፈ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። የሐር ክሯ ደግሞ ከፀጉር ትቀጥናለች፤ ያለ ማጉያ መነጽር በቀላሉ አትታይም። የቴምብሩን ዘመን የምትነግረን እሷ ናት።

የተቀደደውን ጣሉት ስለሚለው ደግሞ እንዲህ ነው። እንግሊዝም አሜሪካም ያሉት ቴምብሩ ክዳኑን ወይም ቡሹን አቋርጦ ይለጠፍ ነው። ሳይቀደድ መድኃኒቱ እንዳይከፈት ማለት ነው። መቀደዱ የተሠራበት ሥራ ነው እንጂ ጉዳት አይደለም። ገበያው ድፍኑን ያስወድዳል፣ ይገባኛል፤ ድፍን ማግኘት ብርቅ ነው። ሆኖም ድፍኑ ቴምብር ብዙውን ጊዜ ሳይሸጥ የቀረ ወይም ሳይለጠፍ የተረፈ ነው። የተቀደደው ግን የሰው እጅ ያረፈበት ነው። አንድ የታመመ ሰው ከፍቶታል። እኔን ብትጠይቁኝ ሳጥኑ ላይ ያለ ቅዳጅ አልበም ውስጥ ካለ ድፍን ይበልጥብኛል። በዚህ የማይስማሙኝ ሰብሳቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሲመቻቸው ቡና ላይ እንከራከር።

ልጄ ከምትኖርበት ከአሜሪካ የላከችልኝ አንድ የካርቶን ሳጥን አለኝ። ክኒኑ የለም፣ ሳጥኑ ብቻ ነው። ከጎኑ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቴምብር ተለጥፎበታል፤ የጦር መርከብ ይታይበታል። እ.ኤ.አ. በ1898 ከስፔን ጋር ጦርነት ሲገጥሙ ቀረጡን እንደገና አምጥተውት ነበርና ከዚያ ዘመን ነው። ዋጋው 5/8 ሳንቲም ይላል። 5/8 ሳንቲም በእጅ የሚያዝ ገንዘብ ሆኖ አያውቅም፣ ቴምብር ላይ ግን አለ። ለ25 ሳንቲም መድኃኒት የታዘዘው ቀረጥ እሱ ነው። ሳጥኑን ዞር ስታደርጉት ደግሞ «ዋጋ 25 ሳንቲም» የሚል ታትሟል። ቀረጡና ዋጋው ይገጥማሉ። ቴምብሩ ላይ በጥቁር ቀለም የኩባንያው ስም መነሻ ፊደላትና ቀን ተመትቶበታል፣ ሕጉ ስለሚያዝ። ይህቺ ቴምብር ተልጣ ለብቻዋ ብትቀመጥ ገበያ ላይ ረክሳ የምትገኝ ተራ ናት። ሳጥኗ ላይ እያለች ግን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በስንት እንደሸጠ ትናገራለች።

«ይሄ የአሜሪካና የእንግሊዝ ነገር ደሴን ምን አገባት?» የሚል ይኖራል። ደሴ ከውጭ መድኃኒት ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ከተማዋን ሲደበድብ ከተመቱት አንዱ የአሜሪካ ሚሲዮኖች ሆስፒታል ነበር። ከዚያ ጣሊያን ራሱ ገብቶ እስከ 1933 ከነመድኃኒቱ ተቀመጠ። ከየመን የመጡ ነጋዴዎች እዚህ ሱቅ ነበራቸው። የአሰብ መንገድ ከኮምቦልቻ በባቲ ነው የሚወርደው። በዚያ ሁሉ መንገድ የመጣ ብልቃጥና ሳጥን የትም አልሄደም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሴቶቻችን ዕቃውን አልጣሉትም። ኩል አደረጉበት፣ መርፌና ክር አስቀመጡበት፣ ሱረት ያዙበት። ሙዚየም ያላስቀመጠውን እናቶቻችን ጓዳ አስቀምጦታል።

ፒያሳ አካባቢ ቤታቸውን ለቅቀው ዕቃ ሲያወጡ ካገኘኋቸው አንዲት አዛውንት እጅ ያየሁት ሳጥን እንዲህ ያለ ነው። ከመዳፍ ያነሰ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ጽሑፉ ጣሊያንኛ። ጣሊያንም በታሸገ መድኃኒት ላይ ቴምብር ታስለጥፍ ነበር። የቴምብሩ ግማሽ ክዳኑ ላይ ነው፣ ግማሹ ገላው ላይ። ክዳኑን ስትገጥሙት ሁለቱ ይገናኛሉ። «ሴንቴሲሚ» የሚለው ይነበባል፤ ቁጥሩ ግን ቅዳዱ ላይ ስለዋለ ጠፍቷል። ቅዳዱ ቀጥ ያለ አይደለም። በምላጭ ሳይሆን በጥፍር፣ ያውም በችኮላ እንደተከፈተ ያስታውቃል።

«እማማ፣ ይቺን ሳጥን ይሸጡልኛል?» አልኳቸው።

«ኧረ እንዴት ያለው ነገር ነው! የአባቴ የሆድ መድኃኒት ነበረች። እሱ ዳነ፣ መድኃኒቱ አለቀ፣ እኔ መርፌ ያዝኩባት። ምን ልታደርጊያት ነው ልጄ?»

ነገርኳቸው። ቴምብሩን አሳየኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ልብ ብለው አይተውት አያውቁም ነበር። በማጉያ መነጽሩ ደጋግመው አዩት። ከዚያ «ታዲያ መርፌዬን የት ላድርግ?» አሉ። ክዳን ያላት ደህና ቆርቆሮ አመጣሁላቸው። ገንዘብ እንቢ አሉኝ። በላዩ ቡና አስጠጡኝ። አባታቸው በየትኛው ዘመን እንደታመሙ፣ መድኃኒቱን ማን እንደሰጣቸው፣ ሁሉንም በደብተር ጽፌ ከሳጥኑ ጋር አኖርኩ። ሳጥኑ ባይኖር ይህን ወሬ ማን ያነሳው ነበር?

በአንጻሩ ከሌላ ከተማ እየመጣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ አንድ ነጋዴ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም። ምላጭ ይዞ ይዞራል። ቴምብሩን ከሳጥኑ ቆርጦ በፖስታ ይከታል፣ ሳጥኑን እዚያው ይጥለዋል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ቦታ ይይዛል እትዬ፣ የሚሸጠው ቴምብሩ ነው» አለኝ። ተናድጄ የተናገርኩትን ጋዜጣ ላይ አላወጣውም። የሚያናድደኝ ደግሞ ሥራው ስላልገባው አይደለም፤ በደንብ ገብቶታል። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ምን እንደደረሰበት እያወቅን፣ ከየቤቱ የተረፈውን በምላጭ ስንቆራርጥ መገኘታችን ነው።

ስለዚህ ጋዜጣው ያንን ምክር እንዲያርም እጠይቃለሁ። ስታርሙም እባካችሁ ይህችን ጨምሩልኝ። አሮጌ የመድኃኒት ሳጥን ወይም ጠርሙስ ያገኘ ሰው አይጠበው፣ አይላጠው፣ ስኮች አይለጥፍበት። የተለያየ ክዳንና ገላ ካለ አንድ ላይ ያስቀምጠው። ፀሐይ ቀለሙን ስለሚበላው መስኮት ላይ አያሳምረው። እርጥበትም ክፉ ነው። የጦሳ ጉም ሰተት ብሎ ቤት የሚገባባት ደሴ ለወረቀት አትመችም። እኔ ክረምት ሲገባ ዕቃዬን ሐረጎን አስወርጄ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት አስቀምጣለሁ። እሷም «መስከረም ሲጠባ ውሰጂልኝ» ትለኛለች፤ ቁም ሣጥኗን ይዤባት። ከየት እንደተገኘና የማን እንደነበር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ውስጡ መክተት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር፣ ይህ የሙያዬ ነው። ውስጡ ክኒን፣ ዱቄት ወይም ፈሳሽ የቀረበት ከሆነ ማንም እንዳይቀምሰው። የዚያ ዘመን መድኃኒት ሜርኩሪም፣ ሞርፊንም ሊኖርበት ይችላል። ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም፣ ቧንቧ ውስጥም አይደፋም። እንዳለ ይዞ አቅራቢያው ወዳለ ፋርማሲ ሄዶ ባለሙያ ማማከር ነው።

ለከተማው ባህልና ቱሪዝምም አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤት ከመፍረሱ በፊት የግድግዳው ፎቶ ይነሳል፣ ስፋቱ ይለካል። ጓዳውንስ? ለባለቤቱ «አሮጌ የመድኃኒት ዕቃ፣ ደረሰኝ፣ ቴምብር ካለ ሳይጣል አሳዩን» የሚል አንድ ሰው ቢመደብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጡረተኞች አለን፤ በነፃ እንሠራለን። ማጉያ መነጽሩንም ይዘን እንመጣለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ፎቶ ልኬላችኋለሁ፤ የመርከቡ ቴምብርና የእማማ ሳጥን። ለአንዱ ብቻ ቦታ ካላችሁ መርከቡን ተዉትና ቅዳዱን አውጡልኝ። ሲታተም ደግሞ ጠርዙን ቆርጣችሁ እንዳታሳምሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ የመድኃኒት ባለሙያ
ከቧንቧ ውኃ፣ ደሴ